ዘጠኝ ካርታና አንድ የክብሪት እንጨት

አባቴ ሪዙን የተላጨው ፈርዶሳ እኛ ቤት በገባች በሳምንቱ ነው። ከዚያ በፊት እኔ ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ። ሲስመኝ ጉንጬን ይወጋኛል፤ ሻይ ሲጠጣ ጠብታ ይዞ ይቆይና እላዬ ላይ ያንጠባጥባል። «ሪዜን ከተላጨሁማ እናትሽ ትፈታኛለች» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ከጓዳ ሲወጣ የላይኛው ከንፈሩ ተገልጦ፣ እንደተላጠ ድንች ነጥቶ አየሁት። የሄደው ወደ እኔ አይደለም። ጠረጴዛው አጠገብ ወደተቀመጠችው ወደ ፈርዶሳ ሄዶ፣ ፊቱን አስጠግቶ «አሁንስ?» አላት። እሷም ፈገግ ብላ «አሁን ጥሩ ነው» አለችው። ያን ቀን ዳቦዬን ሳልጨርስ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ሀይሚ እባላለሁ። ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ቤታችን ሮቤ ነው፣ የጎባ ሚኒባሶች ከሚያልፉበት አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ። አባቴ ተክለማርያም ግብርና ቢሮ ይሠራ ነበር፤ እናቴ እኅተማርያም ከቤታችን ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ ነበራት። ልጃቸው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ብቸኛ ልጅነቴን እንደ ሹመት ነበር የማየው፤ አንድ ቀን የሚሽረኝ ሰው ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ፈርዶሳ የጋሽ ጀሊል ልጅ ናት። አባቴ ገና ወጣት ሠራተኛ ሳለ ገሰራ ወረዳ ተመድቦ የኖረው እሳቸው ግቢ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እንደ ወንድማማች ሆነው ቀሩ። ጋሽ ጀሊል ስንዴ ያርሳሉ፣ እህል ይነግዳሉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ልጃቸውን ይዘው መጡ፤ ምሳ በልተው፣ ከአባቴ ጋር ግቢ ውስጥ ቆመው ለረጅም ጊዜ ሲያወሩ ቆዩና ልጅቷን ትተው ሄዱ። እናቴን ለምን እንደመጣች ስጠይቃት «ጎባ ሐኪም ያያታል፤ እስኪጨርሱላት እኛ ጋ ትሆናለች» አለችኝ። እኔ ግን አንድም ሕመም አላየሁባትም። በአንድ ዓመት ብትበልጠኝ ነው፤ ስትሮጥ ትቀድመኛለች፣ እንደ ልቧ ትበላለች። የታመመ ሰው ይተኛል እንጂ የሰው ወንበር አይቀማም።

ወንበሬን ቀማችኝ። ሮቤ ብርድ ነው፤ የቤታችን ምርጥ ቦታ ደግሞ ለመስኮቱ ጀርባ የሚሰጠው ወንበር ነበር፤ ፀሐይ ትከሻህ ላይ ታርፋለች። ያ ወንበር የእኔ ነበር። በመጣች በማግስቱ አባቴ ብድግ አደረገኝና «አንቺ እዚህ ሁኚ» ብሎ ጥላ ያለበት በኩል አዞረኝ፤ እሷን የእኔ ቦታ አስቀመጣት። «ለምን?» ስል «ከዚያ ሁላችንንም ታየናለች» አለኝ። ታየናለች! ማን ሆና ነው እኛን የምታየው? ልክ እንደ ዳኛ ፀሐዩን ከኋላዋ አድርጋ፣ ከፊት ከፊታችን እያየች ትበላለች።

ድስት ደግሞ አለ። እናቴ አዲስ ትንሽ ድስት፣ አበባ የተሳለባቸው ሁለት ሳህኖችና አንድ ጭልፋ ገዝታ ለብቻቸው ከላይኛው መደርደሪያ አስቀመጠች። እነሱን እኔ መንካት አይፈቀድልኝም። በእኛ ድስት የተሠራ ወጥ ለፈርዶሳ አይቀርብም፤ ለእሷ ለብቻ ይሠራል። እኔ የመሰለኝ የተለየ ነገር የምትበላ ነው። አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ ወንበር ላይ ቆሜ ክዳኑን ከፈትኩት፤ ሽሮ ነው። ቀመስኩት። የእኛው ሽሮ ነው። ግን ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ ደግሜ ስቀምሰው ከእኛው እንደሚጣፍጥ እርግጠኛ ሆንኩ። የእስላም ልጅ የክርስቲያን ሥጋ በነካው ዕቃ እንዳትበላ፣ አባቷም ቤታችን ስትበላ ልባቸው እንዳይጠራጠር እናቴ ያን ሁሉ እንደገዛች የገባኝ አድጌ ነው። በየሰፈሩ ያለ ነገር ነው፤ ነገር ግን እኛ ቤት ከዚያ በፊት ሙስሊም እንግዳ አድሮ ስለማያውቅ አላየሁትም።

ከሁሉም የባሰብኝ ግን ኩራቷ ነው። እጠራታለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። «ፈርዶሳ!» እላለሁ ከኋላዋ፣ ጀርባዋን አዙራ ኳስ ታንከባልላለች። እናቴ «አማርኛው ገና አልገባትም፣ የገሰራ ልጅ አይደለች?» ትለኛለች። ጎረቤቱም፣ የሱቅ ደንበኛውም ይህንኑ ይላል፤ «ኦሮምኛ አናግሯት»። እኔ ኦሮምኛ እንደ አማርኛው እናገራለሁ፤ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነው። ግን ለምን ብዬ? ወንበሬን የወሰደች ልጅ በቋንቋዬ ትምጣ ብዬ ወሰንኩ። ፊት ለፊት ስንገናኝ ደግሞ ደህና አድርጋ ትመልስልኛለች፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። ታዲያ ከኋላ ስጠራት ዝም የምትለኝ ንቃኝ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? መስማት እንደምትችል ማስረጃ ነበረኝ። የስንዴ አጨዳ ደርሶ ኮምባይነር በመንገዳችን ባለፈ ቁጥር ከማንም ቀድማ ወደ በር ትሮጣለች። በር ሲላተም ትደነግጣለች። የኮምባይነር ትሰማና የእኔ ሲሆን!

አባቴም በየጊዜው ጎባ ይዟት ይሄዳል። ሁለቱ ብቻ። ጠዋት እጇን ይዞ ሚኒባስ ያስገባታል፣ ከሰዓት በኋላ ሙዝ ይዘው ይመለሳሉ። ለእኔም ሙዝ ይሰጠኛል፤ እሷ ግን ሙዝም ጎባም አግኝታለች። እኔን ጎባ የወሰደኝ ጥርሴን ለማስነቀል ብቻ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ካርታ የምንጫወትበት ቀን ነው። የእናቴ ወንድም ጋሽ ፍቅረየሱስ ይመጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ላስቲክ ይወለወላል፤ ኮንከር እንጫወታለን። ጋሽ ፍቅረየሱስ ሲሸነፍ «ይሄ ቤት ሌባ ነው!» እያለ ይጮሃል፣ ሲያሸንፍ ደግሞ የባሰ ይጮሃል። ካርታዎቹ ያረጁ ነበሩ፤ ላብና ዘይት ጠጥተው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ስምንት አበባ ጠፍታ ስለነበር እኔ በሲጋራ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ሠርቻታለሁ። አበቦቹ ከአበባ ይልቅ ጎመን ይመስላሉ። አባቴ ግን «ከሁሉም የምታምረው ይቺ ናት» ብሎ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅሏት ነበር። ማንም ሰው እጅ ላይ ስትወጣ ያስታውቃል፤ ጋሽ ፍቅረየሱስ «የሀይሚ ጎመን ደረሰኝ» እያለ ያስቀን ነበር።

አንድ እሑድ ጨዋታው ሲያልቅ አባቴ ካርታውን በወዘና «ዛሬ እኔና ፈርዶሳ ጉድ እናሳያችኋለን» አለ። እኔና ፈርዶሳ። ዘጠኝ ካርታ መርጦ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጎ ሦስት በሦስት ደረደረ። ፈርዶሳን ወደ ግቢ አስወጣትና «በሉ፣ አንዷን ምረጡ» አለን። ጋሽ ፍቅረየሱስ በጣቱ የቀይ ልብ ንግሥትን ጠቆመ። አባቴ ራሱ ተነስቶ በሩን ከፍቶ በእጁ ጠራት። እኔን ሲፈልግ «ሀይሚ!» ብሎ ከተቀመጠበት ይጮሃል፤ ለእሷ ግን እንደ ትልቅ እንግዳ በር ድረስ ይሄድላታል። ይህንንም በልቤ ያዝኩባት።

ገባች፤ ወንበሯ ላይ፣ ማለት ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። አባቴ የክብሪት እንጨት አንስቶ አንዷን ካርታ በጫፉ ነካ አድርጎ «ይሄ ነው?» አለ። ራሷን ወዘወዘች። ሌላዋን ነካ፤ «ይሄስ?» ራሷን ወዘወዘች። «ይቺ ናት?» አይደለችም። የቀይ ልብ ንግሥት ላይ ሲደርስ «አዎ» አለች። ጋሽ ፍቅረየሱስ ወንበሩን ገፍቶ ብድግ አለ። «ጠንቋይ! ተክሌ፣ ልጅቷን ምን አስተማርካት?» ደገሙት። አሁንም አገኘች። እናቴ መረጠች፤ አገኘች። አባቴ ጉንጩ እስኪቀላ ይስቃል፤ ያንን ሳቅ እኔ ብቻ የማውጣው ይመስለኝ ነበር።

ያንን ቅናት ዛሬም አስታውሳለሁ። የማታለል ጨዋታ ነው፣ ገብቶኛል። አንድ ነገር ይነጋገራሉ። ከእኔ ጋር የማይነጋገረውን ቋንቋ ከእሷ ጋር ይነጋገራል። የት ላይ ነው? ከዚያ ወዲያ ሥራዬ እሱን መያዝ ሆነ። አባቴ «ይሄስ» ሲል ቀጥሎ ያለችው ናት አልኩ፤ አልሆነም። «ይቺ» ሲል ነው አልኩ፤ አልሆነም። ሲያስል ነው፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው፤ ሁሉም አልሆነም። ዓይናቸውንም አየሁ፤ አባቴ ካርታውን ነው የሚያየው፣ እሷም ካርታውን። በድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፤ ይህ እምነቴ አልተለወጠም።

«አባዬ፣ ንገረኝ» አልኩት አንድ ቀን ጫማውን ሲያወልቅ።

«አንቺ ካወቅሽውማ ማን ይደነቅልናል?»

«እሺ እኔ ልውጣ፣ እሷ ትደነቅ!»

ሳቀና ሳመኝ። ያለ ሪዝ ሲስመኝ አልወጋኝም፤ ይህም ለእሷ የተደረገ መሆኑ ትዝ አለኝና ጉንጬን ጠረግኩት።

በዚያው ሰሞን ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ ከስኳር ማዳበሪያው ጀርባ ተቀምጬ የቤት ሥራ ስሠራ አባቴ ከጎባ ተመልሶ ገባ። ፈርዶሳ ወደ ቤት አልፋለች። እኔን አላዩኝም።

«ጨርሰናል አሉ» አለ አባቴ። «ከእንግዲህ መመላለሱ ጥቅም የለውም።»

እናቴ ሚዛኑን አስቀመጠች። «ጀሊልስ ምን ይላል?»

«ቅዳሜ ይመጣል። ገሰራ ልውሰዳትና ከእናቷ ጋር ትቀመጥ ነው የሚለው። ትምህርት፣ ሰው መሐል፣ አትችልም ይላል።»

«አንተስ?»

«ትችላለች። ቅዳሜ በዓይኑ ያያል።»

«በካርታ?» እናቴ ሳቋ መጣ። «ቁማር ነው ብሎ ፊቱን ያዞርብሃል።»

«ያዙር። አንገት ነው፣ ይመለሳል።»

«ለሀይሚ ብንነግራትስ? ልጅቷ እየተናደደች ነው።»

«ጀሊል እንዳንናገር ለምኖኛል እኮ። ልጆች ካወቁ ስም ያወጡላታል ብሎ ነው የፈራው። ትንሽ ትቆይ።»

ከማዳበሪያው ጀርባ ሆኜ የሰማሁትን በራሴ መንገድ ተረዳሁት። ቅዳሜ ጋሽ ጀሊል ይመጣሉ። ፈርዶሳ በካርታ ከተሸነፈች ይወስዷታል። ካሸነፈች ትቀራለች። ወንበሬና አባቴ በአንድ ጨዋታ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። ስለ ስም ማውጣት ያሉት አልገባኝም፤ አላሰብኩበትምም።

እውነቱን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ስድስተኛ ክፍል ስንደርስ። ፈርዶሳ እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት በነበረው በጋ ማጅራት ገትር ይዟት ነበር። ነፍሷ ተረፈች፤ ጆሮዋ ግን አልተረፈም። የቀራት ትልልቅ ድምፅ ብቻ ነው፤ የበር መላተም፣ የኮምባይነር ጩኸት። የሰው ንግግር የምትይዘው ከከንፈር ነው፤ ይህንንም ማንም ሳያስተምራት በራሷ ነው የለመደችው። የአባቴ ሪዝ ከንፈሩን ስለሸፈነባት ተላጨው። ብርሃን ከኋላዋ ሆኖ በእኛ ፊት ላይ እንዲያርፍ ወንበሬን ሰጣት። በር ድረስ ሄዶ በእጁ የሚጠራት በጩኸት ስለማትሰማው ነው። ሰፈሩ ሁሉ አማርኛ አልገባትም ሲል የነበረው፣ እኛም ያመንነው፣ ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ ዝም ያለን ሰው ቋንቋ አነሰው ከማለት ሌላ ምክንያት ስለማናውቅ ነው።

ያኔ ግን ይህን አላወቅኩም። የማውቀው ቅዳሜ ማሸነፍ እንዳለብኝ ነው።

ጋሽ ጀሊል ከዙህር ሶላት በፊት ደረሱ፤ ትከሻቸው ላይ የማር ቆርቆሮ ነበር። «አካም፣ ነጉማ?» ብለው እናቴንም እኔንም ሰላም አሉን። ፈርዶሳን ግንባሯን ሳሟትና ለረጅም ጊዜ ፊቷን አዩ። ሰገዱ፤ ምሳ ከትንሹ ድስት ተበላ። ጋሽ ፍቅረየሱስም መጣ። ከዚያ አባቴ ላስቲኩን ወልውሎ ካርታውን አወጣ።

ጋሽ ጀሊል ካርታውን ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ተክሌ፣ ይሄ ምንድነው? ቁማር በቤትህ?»

«ሳንቲም የለበትም ጀሊል። የልጆች ጨዋታ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ እይልኝ።»

«አስተግፊሩላህ» ብለው ወንበራቸውን ግማሽ ወደ ግድግዳው አዞሩ። አንገታቸው ግን፣ አባቴ እንዳለው፣ ጨርሶ አልዞረም።

አባቴ ዘጠኙን ካርታ ደረደረ፤ ፈርዶሳ ወጣች። በሩ እንደተዘጋ ብድግ አልኩ። 

«አባዬ፣ ዛሬ አትናገርም» አልኩ።

«ምን?»

«ስትነካ 'ይሄ ነው' አትልም። 'ይሄስ' አትልም። አታስልም፣ ጉሮሮህንም አትጠርግም። ጋሽ ፍቅረየሱስም ዝም ይበል፣ እማዬም። አንድ ድምፅ ከተሰማ አላሸነፋችሁም።»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ትንሽ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው። ደነገጠ አልኩ በልቤ፣ ያዝኩት። ዛሬ ያንን ፊት በዓይነ ኅሊናዬ ስመልሰው ድንጋጤ አይመስለኝም። ሳምንቱን ሙሉ እንዴት ለጀሊል አሳየዋለሁ ብሎ ሲያስብ የነበረውን ነገር ልጁ በገዛ አፏ ስትሰጠው ነው ያየሁት።

«እሺ» አለ። «ጀሊል፣ የሀይሚን ሕግ ሰምተሃል? ሁላችንም አፋችንን እንዘጋለን።»

የጋሽ ጀሊል ወንበር ትንሽ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

መምረጥ የእኔ ተራ ነበር። የራሴን ጎመን፣ የሲጋራ ካርቶኗን ስምንት አበባ ነካሁ። ካርታዬንማ አታገኛትም ብዬ ነው። አባቴ በሩን ከፍቶ በእጁ ጠራት። ገባች፤ ሁላችንም ተለጉመናል፤ ጋሽ ፍቅረየሱስ ከንፈሩን ነክሷል። ውጭ የጋሪ ፈረስ ሲያልፍ ኮቴው ይሰማ ነበር። አባቴ የክብሪት እንጨቱን አነሳ። አንዷን ነካ፤ ፈርዶሳ ራሷን ወዘወዘች። ሌላዋን ነካ፤ ወዘወዘች። ሦስተኛዋን፣ አራተኛዋን። ፊቷ ላይ ጥርጥር የለም። የእኔ ካርታ ላይ ሲደርስ «ካና!» አለች፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብላ። ይቺ!

ክው አልኩ። ድምፅ የለም፣ ቃል የለም። ታዲያ እንዴት?

ጋሽ ጀሊል ሙሉ በሙሉ ዞሩ። «ማንም አልነገራትም?»

«ማን ይናገራል? አፋችን ተዘግቶ!» አለ አባቴ።

«ድገሙት።» ቁማር ነው ያሉት ሰውዬ ካርታው ላይ ጎንበስ ብለዋል። ልጃቸውን አስወጡና በወፍራም ጣታቸው ራሳቸው መረጡ። ተደገመ። ያለ አንዳች ቃል። ፈርዶሳ አገኘችው። ሦስተኛ ጊዜ ይደገም አሉ፤ አገኘችው። ከዚያ ጋሽ ጀሊል የጋቢያቸውን ጫፍ ፊታቸው ላይ አደረጉና ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። በኦሮምኛ «ሰው መሐል፣ ያለ ድምፅ» የምትል ነገር ደጋግመው አሉ። እኔ በጨዋታ መሸነፍ ትልቅ ሰው ያስለቅሳል እንዴ ብዬ ገረመኝ።

አባቴ ከመሬት አንስቶ አቀፈኝና «ጎበዝ! ጎበዝ!» አለኝ። አፌዘብኝ ብዬ ከእጁ ለማምለጥ ተንደፋደፍኩ። ጋሽ ጀሊልም መዳፋቸውን ራሴ ላይ ጭነው «ረቢ ይባርክሽ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ እንደማለት። የማንም ልጅ መሆን አልፈለግኩም ነበር፤ የአባቴ ብቻ ነው የፈለግኩት።

ጋሽ ጀሊል ብቻቸውን ተመለሱ። ፈርዶሳ ቀረች። በገዛ አፌ አስቀረኋት። ሰኞ ዩኒፎርም ለብሳ ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት ሄደች፤ በዚያ ላይ እኔው ክፍል፣ ፊተኛው ዴስክ ላይ አስቀመጧት። እኔ ከኋላ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክንጨርስ እኛ ቤት ኖረች። ተጣልተናል፣ ታርቀናል፤ ማታ ማታ መምህሩ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞሮ የተናገረውን ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ደግሜላታለሁ። እህቴ ሆናለች ማለት ይቻላል። የካርታውን ነገር ግን አልጠየቅኳትም። ኩራት ነው። እሷም ሳልጠይቃት አልነገረችኝም።

አሁን ፈርዶሳ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒና ሕትመት የምትሠራበት ሱቅ አላት። እኔ ጎባ እሠራለሁ፤ ጠዋትና ማታ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ሪዙን አሳድጎ አያውቅም።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት አባቴን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ዛለ፣ ምላሱ ታሰረ። ከንፈሩ በግማሽ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣ ነገር ግን የለም። እናቴና እኔ «ውሃ? ትራስ? ብርድ ነው?» እያልን እንጨነቃለን፤ እሱ ይናደዳል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ፈርዶሳ ሱቋን ዘግታ ትመጣና ከፊቱ ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ ከንፈሩን ታየዋለች። «ውሃ አይደለም፤ መጋረጃውን ክፈቱልኝ ነው የሚለው» ትላለች። መጋረጃው ይከፈታል፤ አባቴ ተንፍሶ ይረጋል።

ጆሮ ያለኝ እኔ ነኝ፤ አባቴን የምትሰማው እሷ። ያ የሦስተኛ ክፍል ቅናት የት ተደብቆ እንደነበር እንጃ፣ እንዳለ ተመለሰ። ትልቅ ሴት ሆኜ፣ የታመመ አባቴ አልጋ አጠገብ ቆሜ፣ ወንበሬን የወሰደችውን ልጅ እንደገና አየኋት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አላስቻለኝም። ካርታውን ከመሳቢያ አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። «ዛሬስ ትነግሪኛለሽ» አልኳት።

ፈርዶሳ አየችኝ፣ ካርታውን አየች፣ ሳቀች። «እስከ ዛሬ አላወቅሽውም? ሀይሚ፣ ሙች በይ!»

«ሙች።»

ዘጠኙን አልጋው ላይ ባለው ትሪ ደረደረችና የክብሪት እንጨት አነሳች። «አንዷ ካርታ ራሷ ትሪ ናት በይ። መጀመሪያ የሚነካትን ብቻ እይ፤ እንጨቱ የት ላይ አረፈ? ላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ካረፈ፣ የተመረጠችው ከዘጠኙ ላይኛው ቀኝ ጥግ ያለችው ናት። መሐሏን ከነካ፣ መሐል ያለችው። ሌላው ሁሉ ማስመሰል ነው።»

ይኸው ነው። የልጅ ጨዋታ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ጆሮዬን አቁሜ የፈለግኩት፣ ዓይኔ ሥር ነበር።

«በይ ውጪ» አለችኝ። ወጣሁ። በረንዳው ላይ ቆሜ እንደ ልጅ በሩን በሩን አያለሁ። ፈርዶሳ በሩን ከፍታ በእጇ ጠራችኝ። አባቴ በግራ እጁ እንጨቱን ይዟል። ጫፉን አንዲት ካርታ ላይ አሳረፈ፤ ታችኛው ግራ ጥግ ላይ። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ ነካ። በእያንዳንዱ ራሴን ወዘወዝኩ። ታችኛው ግራ ጥግ ላይ ያለችው ላይ ሲደርስ «ይቺ ናት» አልኩት።

አባቴ ሳቀ። ግማሽ ፊቱ ነው የሳቀው፤ ግን ድምፅ ነበረው። ከታመመ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ድምፁ ነው።

ፈርዶሳ እሱን አይደለም ያየችው፤ እኔን ነው።

«ድምፅ አወጣ?»

«አወጣ።»

«የድሮው ነው?»

«የድሮው ነው» አልኩ።

ካርታዎቹን ቀስ ብላ ሰበሰበች። «ልጅ ሆነን በጣም ነበር የምቀናብሽ» አለች።

«አንቺ? በእኔ?»

«ጋሽ ተክሌ ጀርባውን ሰጥቶን ጫማውን እያወለቀ የሆነ ነገር ይላል፤ አንቺ ትስቂያለሽ። እኔ ጀርባውን አያለሁ። በኋላ ምን እንዳለ እናትሽን እጠይቃለሁ፤ ትነግረኛለች። ቃሉን ማለቴ ነው። ቃሉን ሁሌም አገኘዋለሁ።» እንጨቱን ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው። «ድምፁ ግን እንዴት ያለ ነው?»

ፊቴ እንዲታያት ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አፌን ከፈትኩ። ከየት እንደምጀምር ግን አላወቅኩም።